አምስት ባላ

ዊኒፔግ፣ ሳርጀንት ጎዳና፣ ከጥርስ ሐኪሙ አጠገብ፣
ዚፐር የምቀይርባት አንዲት ሱቅ አለችኝ፣ ጠባብ።
እሱ ጥርስ ይነቅላል፣ እኔ ጥርስ እተክላለሁ፤
እሱ በቀጠሮ ይሠራል፣ እኔ በር በር አያለሁ።

ኅዳር ሲያልቅ፣ ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ ሲወርድ፣
የካፖርት ዚፐር ሲበጠስ፣ የሰው ደረት ሲበርድ፣
ያኔ ነበር የእኔ መኸር። ሰው ግን መንገዴን ስቶ
ወይ አዲስ ካፖርት ይገዛል፣ ወይ ይከርማል በመርፌ ቁልፍ ወግቶ።

የእህቴ ልጅ ማኅደር መጣች፣ ኮሌጅ ንግድ የምታጠና፤
አየችኝ፣ በሩን አየች፣ ራሷን ነቀነቀችና፣
«ሁለት ባላ ትከል ይላል ያገራችን ሰው፤
አንተ ግን አንድም የለህ፤ በምን ልትንጠለጠል ነው?»

ብላ አምስት ተከለችልኝ ባንድ ቅዳሜ ማታ፤
ፌስቡክ፣ ኢንስታግራም፣ ቲክቶክ፣ ዩቲዩብ፣ ሊንክድኢን፣ በየቦታ።
የይለፍ ቃሎቹን ጻፍኳቸው በልኬት ደብተሬ፣
በወይዘሮ ሃሊና ወገብና በባሏ ቁመት መሐል ሰንቅሬ።

ስምን መልአክ ያወጣል ይላሉ፤ ወሰንየለህ ነኝ እኔ፤
ያን ሰሞን ግን ስሜ ከበደኝ፣ ወሰን አጣ ቀኔ።
በአንዱ እንደ ጎረምሳ ደነስኩ፣ በአንዱ እንደ ሹም ኮስተር፤
ሊንክድኢን ላይ «ዋና ሥራ አስፈጻሚ» ብላኛለች ማኅደር፤
ከእኔ በቀር ሠራተኛ የለ፣ ካልተቆጠረች ሲንገር።

አንድ ቀን የጂንስ ጫፍ ሳጥፍ አርባ ሺህ ሰው አየኝ፤
ማኒላ ልብ ላከ፣ ሌጎስ ሳቀ፣ ሳኦ ፓውሎ አመሰገነኝ።
የበሬ ደወል ግን ያን ሳምንት የጮኸው ሁለቴ ብቻ፣
አንዴ ፖስተኛው ነው፣ አንዴ የንፋሱ ዛቻ።
አርባ ሺህ ዓይን መጣ እንጂ አንድ ካፖርት አልመጣ፤
ዓይን በክር አይጠገን፣ ዓይን ኪራይ አያወጣ።
የሃሊና ልጅ የሠርግ ቀሚስም ቀኑ አለፈበት፤
«የቆጡን አወርድ ብላ» የሚሉት የገባኝ ያን ለት።

ጥር ላይ አንዲት እናት ገባች፣ የልጇን የሆኪ ቦርሳ ጎትታ።
ቦርሳው ሰው ያክላል፣ ሽታው ሁለት ሰው፤
ዚፐሩ አፉን ከፍቷል፣ የሚዘጋው አጥቶ።
በአሥራ ሁለት ደቂቃ ሰፋሁት። አሥር ዶላር ከፈለች፣ ሄደች፤
ማታ በሰፈሯ የፌስቡክ ቡድን ሁለት መስመር ጻፈች፦
«ሳርጀንት ላይ አንድ ሰውዬ አለ። የሆኪ ቦርሳ ይጠግናል።
ብዙ አያወራም።»

ፎቶው ደብዛዛ ነበር፤ ሙዚቃ የለው፣ ጌጥ የለው፤
ሐሙስ ጠዋት ግን በሬ ላይ አሥራ አንድ ቦርሳ ቆሞ
ሽታው ጥርስ ሐኪሙን አስነጠሰው።

ማኅደርን ጠራኋት፣ ሜትሬ አንገቴ ላይ እንዳለ።
ለሰው ስሰፋ «የት ልትለብሰው ነው?» ብዬ ነው የምጀምር፤
ለራሴ ሱቅ ግን ሳልለካ ቆረጥኩት ያን ሁሉ ጨርቅ፣ ያን ሁሉ ክር።
ደንበኛዬ አውቶቡስ ጠባቂው ነው፣ ልጁን ሜዳ የሚያመላልሰው፣
ከቤቱ እስከ ሱቄ በእግሩ የሚደርሰው።
እሱ የሚያወራበት ደጅ የቱ ነው? እዚያ ልቁም፤
የቀረው ደጅ ያምራል፣ ግን የእኔ አይደለም።

ዩቲዩብን ዘጋን፤ ሊንክድኢንን ከነሹመቴ አሰናበትን።
ኢንስታግራም ላይ ተከራከርን፤ በወር አንድ ፎቶ ብለን ታረቅን።
ለሰፈሩ ቡድን ማለዳ ግማሽ ሰዓት ሰጠሁ።
ደግሞ ለካ ጉግል ካርታ ላይ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ፣
ሱቄ «ተዘግቷል» ይል ኖሯል! እኔ ውስጥ ተቀምጬ በር በር እያየሁ።

ቲክቶክ ቀረ። ማኅደር ልታጠፋው ጣቷን ስታነሳ
«ተይው» አልኳት።
ሳኦ ፓውሎ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ አለ፣
ሌሊት ሌሊት የቁልፍ ቀዳዳ አሠራሩን ያሳየኛል።
ቋንቋውን አላውቅም፤ መርፌውን ወደ አምፖሉ ሲያነሳ ግን
ዓይኑ እንደ ዓይኔ እንደደከመ አውቃለሁ።

«ይህ ለንግዱ ምን ይጠቅማል?» አለች፣ ኮሌጇን አስታውሳ።
«ለንግዱ አይደለም» አልኳት፤
«ይሄኛው ባላ ልንጠለጠልበት አይደለም፤
ማታ ስደክም ካፖርቴን ልሰቅልበት ነው።»